የቸርኬ ልክ እና የጉዞ ምቾት

የቸርኬ ልክ እና የጉዞ ምቾት የሚለው ርዕስ የመኪና ቸርኬ፣ ማለትም ጎማው የሚገጠምበት የብረት ወይም የአሉሚኒየም ቀለበት፣ ሲተልቅ ወይም ሲያንስ በተሳፋሪው ምቾት፣ በጎማው ዕድሜና በመኪናው አያያዝ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ይመለከታል። ጥያቄው በይበልጥ የሚነሣው እንደ ቶዮታ ላንድክሩዘርና ሬንጅ ሮቨር ባሉ ውድ የመስክ መኪኖች ላይ ነው። እነዚህ መኪኖች አካላቸውና ሞተራቸው አንድ ሆኖ ሳለ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ የቸርኬ ልኮች ይሸጣሉ፤ ትልቁ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ በውዱ ደረጃ ላይ ይገኛል።

በኢትዮጵያ ምርጫው ከመልክ ያለፈ ትርጉም አለው። ምክንያቱም አንድ ጉዞ አስፋልትን፣ ኮረኮንችን፣ ኮብልስቶንንና ጭቃን በአንድ ቀን ሊያገናኝ ይችላል። አዲስ አበባን ከባሕር ዳር የሚያገናኘው አውራ ጎዳና የሚያቋርጠው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በተለይም የእንጅባራና የዳንግላ አካባቢ፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ስያሜና መለኪያ

በጎማ ጎን ላይ የሚታተመው ልክ ሦስት ቁጥሮች አሉት። ለምሳሌ 265/65 አር 18 የሚል ጎማ፣ 265 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ከፍታ ከወርዱ በመቶኛ፣ 18 ደግሞ የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። «አር» የሚለው ፊደል ጎማው ራዲያል መሆኑን ያመለክታል። የጎኑ ከፍታ የሚገኘው ወርዱን በመቶኛው በማባዛት ነው፤ በዚህ ምሳሌ 265 ሲባዛ በ0.65 ወደ 172 ሚሊ ሜትር ይሰጣል።

አምራቾች ትልቅ ቸርኬ ሲገጥሙ የጎማውን ጠቅላላ ቁመት ከሞላ ጎደል እንዳለ ያቆያሉ። ይህ ካልሆነ የፍጥነትና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ይሳሳታል፤ ጎማውም ከጭቃ መከላከያው ጋር ሊነካካ ይችላል። ስለዚህ ቸርኬው የሚጨምረው ስፋት በሙሉ ከጎማው ጎን ይቀነሳል። የሚከተሉት ልኮች ይህን ያሳያሉ፦

• ቶዮታ ላንድክሩዘር 300፦ በ265/65 አር 18 የጎኑ ከፍታ 172 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ቁመቱ 802 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ265/55 አር 20 የጎኑ ከፍታ ወደ 146 ሲወርድ ጠቅላላ ቁመቱ 800 ገደማ ሆኖ ይቀራል።
• ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ (የኤሌክትሪክ)፦ በ235/60 አር 18 የጎኑ ከፍታ 141 ሚሊ ሜትር ነው። በ235/50 አር 20 ወደ 118 ይወርዳል።
• ፎልክስቫገን አይዲ.4 (የኤሌክትሪክ፣ የፊት ጎማ)፦ በ235/55 አር 19 የጎኑ ከፍታ 129 ሚሊ ሜትር፣ በ235/50 አር 20 ደግሞ 118 ነው።
• ሬንጅ ሮቨር (አምስተኛ ትውልድ)፦ በ285/45 አር 22 የጎኑ ከፍታ 128 ሚሊ ሜትር፣ በ285/40 አር 23 ደግሞ 114 ነው።

ከዝርዝሩ እንደሚታየው በላንድክሩዘሩ ከ18 ወደ 20 ኢንች መሻገር በቸርኬው ጠርዝና በመንገዱ መካከል ካለው የአየር ትራስ 26 ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳል።

ታሪክ

በአየር የሚነፋ ጎማ ከመጀመሪያው የተፈለገው ለምቾት ነው። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1845 የፈጠራ መብት ቢያስመዘግብበትም በገበያ የተስፋፋው ጆን ቦይድ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 በቤልፋስት ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በሠራው ጎማ ነው። የልጁ ብስክሌት በድርቅ ጎማ ላይ በድንጋይ ንጣፍ ሲሄድ እጅግ ያንገጫግጨው ነበር። የፈረንሳዩ ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1946 ያስመዘገበው ራዲያል ጎማ ደግሞ ጎኑ እንዲተጣጠፍ፣ መርገጫው ግን እንዲጠነክር አደረገ። በፈረሰኞቹ በሚታወቀው በአዊም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች የፈረስ ጋሪዎች የመኪና ጎማ የሚገጠምላቸው ለዚሁ ሲባል ነው፤ ድንጋጤውን የሚቀበለው አየሩ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የመስክ መኪኖች ቸርኬያቸው ትንሽ፣ ጎማቸው ወፍራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የመጀመሪያው ሬንጅ ሮቨር ባለ 16 ኢንች ቸርኬ ሲሆን የጎማው ጎን ከ16 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍታ ነበረው። የዛሬው ወራሹ እስከ 23 ኢንች ቸርኬ ይገጠምለታል፤ የጎማው ጎን ግን ከ12 ሳንቲ ሜትር በታች ነው። በአንጻሩ በኢትዮጵያ ገጠር ለመስክ ሥራ የሚያገለግለው ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ እስካሁን በ7.50 አር 16 ጎማ ይሄዳል፤ የጎኑ ከፍታ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ቸርኬ የተለቀባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው መልክ ነው፤ የመኪኖች ጎን ከፍ እያለ፣ መስኮታቸው እየጠበበ ሲመጣ ትንሽ ቸርኬ በትልቁ አካል ሥር ጠፍቶ ይታያል። ሁለተኛው ፍሬን ነው፤ መኪናው ሲከብድና ሲፈጥን የሚያስፈልገው ትልቅ የፍሬን ዲስክ በትንሽ ቸርኬ ውስጥ አይገባም። ሦስተኛው ንግድ ነው፤ ትልቅ ቸርኬ ዋጋ የሚያስጨምር፣ ዓይን ውስጥ የሚገባ አማራጭ ነው።

ምቾት የሚቀንስበት መንገድ

የመኪናን መንገጫገጭ የሚቀንሱት ሦስት ክፍሎች በቅደም ተከተል ጎማው፣ ሞላው (ወይም ባሌስትራው) ከሾክ አብዞርበሩ ጋር፣ በመጨረሻም መቀመጫው ናቸው። እያንዳንዱ የተለየ ሥራ አለው። ሞላው ረጃጅም ሞገዶችን፣ ለምሳሌ የተንጋደደ አስፋልትን ወይም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታን ይቀበላል። ጎማው ደግሞ ሞላው ለመንቀሳቀስ ጊዜ የማያገኝባቸውን ትናንሽና ስለታም ነገሮች፣ ማለትም ጠጠርን፣ የጉድጓድ ጠርዝን፣ የኮብልስቶን መጋጠሚያን ይውጣል። የጎማው ጎን ሲያጥር ይህ ሁለተኛው ሥራ ወደ ቸርኬው፣ ከዚያም ወደ ተሳፋሪው ይተላለፋል።

ሌላው ምክንያት ክብደት ነው። ከሞላው በታች ያለ ክብደት፣ ማለትም ቸርኬ፣ ጎማና ፍሬን፣ ሲጨምር መንኮራኩሩ ጉብታ ላይ ከወጣ በኋላ ቶሎ ወደ መንገዱ አይመለስም፤ ሾክ አብዞርበሩም ይበልጥ ይለፋል። ትልቅ የአሉሚኒየም ቸርኬ ተመሳሳይ አሠራር ካለው ትንሽ ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ይከብዳል።

የሰው አካል ሁሉንም ንዝረት እኩል አይሰማውም። የሰውነት ንዝረትን የሚለካው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይሶ 2631 እንደሚያመለክተው የተቀመጠ ሰው ከላይ ወደ ታች ለሚመጣ ንዝረት በተለይ ስሜት የሚሰጠው በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ገደማ በሚደጋገመው ላይ ነው። ኮረኮንች ላይ ረጅም ሰዓት የሚጓዝ ሰው ወገቡን የሚያመው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ምቾት ለአሽከርካሪ፣ ለነፍሰ ጡርና የጀርባ ሕመም ላለበት ሰው የጤና ጉዳይም ነው።

በአየር የሚሠራ ሞላ ያላቸው ውድ መኪኖች የትልቅ ቸርኬን ጉዳት ይቀንሳሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያስቀሩትም። አየር ሞላው የሚቀበለው እንደ ብረቱ ሞላ ሁሉ ረጅሙን ሞገድ ነው፤ የጉድጓዱን ጠርዝ መጀመሪያ የሚያገኘው አሁንም ጎማው ነው።

የትልቅ ቸርኬ ጥቅም

ትልቅ ቸርኬና አጭር ጎን ያለው ጎማ እውነተኛ ጥቅሞች አሉት። መሪ ሲጠመዘዝ ጎኑ ስለማይተጣጠፍ መኪናው ወዲያው ይታዘዛል፤ በፍጥነት በሚታለፍ ኩርባ ላይ የሚወዛወዘውም ያነሰ ነው። ከፍ ያለና ከባድ የሆነ የመስክ መኪና ባለቤት ይህን በተስተካከለ ሰፊ አስፋልት ላይ በግልጽ ይረዳዋል። ትልቅ ፍሬን መያዝ መቻሉም በረጅም ቁልቁለት ላይ የፍሬኑን ሙቀት ለመቋቋም ይጠቅማል። ሆኖም ይህ ጥቅም የሚገኘው ፍሬኑ ራሱ ትልቅ ከሆነ ብቻ ነው። በአንድ ሞዴል ላይ ፍሬኑ ሳይቀየር ቸርኬው ብቻ ቢተልቅ የማቆም አቅሙ በዚያ ምክንያት አይጨምርም።

በአዊ ዞን መንገዶች

ከአዲስ አበባ ወደ እንጅባራ ያለው መንገድ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን ሸለቆ ያቋርጣል። መንገዱ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነሥቶ 1,400 ሜትር ገደማ ይወርድና በሌላው በኩል መልሶ ይወጣል። ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በኋላ በቲሊሊ በኩል የዞኑ ዋና ከተማ ወደሆነችው፣ ኮሶበር ተብላም ወደምትጠራው እንጅባራ ይደርሳል፤ ከዚያም በአዲስ ቅዳም አድርጎ ወደ ዳንግላና ባሕር ዳር ይቀጥላል። እንጅባራ 2,560 ሜትር፣ ዳንግላ 2,137 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው መንገድ ወደ ቻግኒ ሲወርድ 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ይቀንሳል፤ ወደ መተከልና ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ወዳለበት ጉባም ያደርሳል።

በዚህ መስመር ላይ ብቻ የሚመላለስ መኪና አብዛኛውን ኪሎ ሜትር የሚቆጥረው በአስፋልት ነው። ነገር ግን ከዋናው መንገድ ወደ ቀበሌዎች የሚገቡት መንገዶች በአብዛኛው የጠጠር ወይም የአፈር ናቸው፤ ብዙዎቹ በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም (ዩራፕ) ዘመን የተሠሩ ናቸው። ወደ እርሻ፣ ወደ ለቅሶ፣ ወደ ሠርግ ወይም ወደ ንግሥ የሚሄድ ሰው መኪናውን የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው።

የአካባቢው ተፈጥሮም ለአጭር ጎማ አይመችም። የእንጅባራ አካባቢ የእሳተ ገሞራ ምድር ሲሆን የዘንገና ሐይቅም በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተፈጠረ ነው። ለመንገድ የሚፈጨው ጥቁር ድንጋይ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ለአጭር የጎማ ጎን አደገኛ ነው። ክረምቱ ረጅምና ዝናባማ በመሆኑ ጉድጓዶች በውኃ ይሞላሉ፤ አሽከርካሪው ጥልቀታቸውን ማየት አይችልም። ውኃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ በፍጥነት የገባ አጭር ጎማ በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ከውስጥ ይበጠሳል። ምልክቱ በጎኑ ላይ የሚወጣ እብጠት ነው። ያበጠ ጎማ በድንገት ሊፈነዳ ስለሚችል አይጠገንም፤ ይቀየራል። ቸርኬውም ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። የተጣመመ የአሉሚኒየም ቸርኬ አንዳንዴ ይቃናል፤ የተሰነጠቀ ግን መወገድ አለበት።

የዕቃ አቅርቦትም ከምርጫው ጋር ይሄዳል። የተለመዱት የ16፣ የ17 እና የ18 ኢንች የመስክ መኪና ጎማዎች በክልል ከተሞች ለማግኘት ይቀልላሉ፤ የ21 እና የ22 ኢንች ጎማ የሚፈልግ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ሊኖርበት ይችላል። በአንድ ጎማ መበጠስ ምክንያት መኪናው ለቀናት ሊቆም ይችላል።

የጎማ አየርና ከፍታ

የጎማ መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው። የውጭው አየር በቆላ ስለሚከብድ፣ ደጋ ላይ የተነፋ ጎማ ሙቀቱ ሳይለወጥ ዓባይ ድልድይ ቢለካ 0.15 ባር (2 ፒኤስአይ ገደማ) ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ሽቅብ ሲወጣ ይመለሳል። በተግባር ጎማው በጉዞ ስለሚሞቅ ይህ ልዩነት ይሸፈናል። አየሩ መለካት ያለበት ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሚነዳበት ከፍታ ላይ ነው። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር መዝጊያ አካባቢ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል።

አጭር ጎማ የያዘ መኪና ሲጎረብጥ አየር ማጉደል የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ግን አደጋ አለው። የአንድ መኪና ክብደት በጎማው ውስጥ ባለው አየር ላይ ያርፋል፤ አየሩ አስቀድሞ ጥቂት ከሆነ ሲጎድል ቸርኬው ወደ መንገዱ ይቀርባል፤ ጎማውም ይበልጥ ይሞቃል። ረጅም ጎን ያለው ጎማ ግን በጭቃ ወይም በልቅ ጠጠር ላይ በዝግታ ለመሄድ ጥቂት አየር ቢጎድልለት ሊቋቋመው ይችላል፤ አስፋልት ላይ ከመውጣቱ በፊት መልሶ መሞላት አለበት።

የኤሌክትሪክ መኪኖች

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ በኋላ ጥያቄው አዲስ መልክ ይዟል። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች የመስክ መኪና ቅርጽ አላቸው፤ ነገር ግን ባትሪያቸው ወለሉ ሥር ስለሆነ ከመጠናቸው አንጻር ይከብዳሉ፤ ቸርኬያቸውም ትልቅ ነው። ሦስት ነጥቦች ልብ ሊባሉ ይገባል።

የመጀመሪያው የሚጓዙት ርቀት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ለ2023 ሞዴል ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ (በፊት ጎማ የሚነዳው) በአንድ ሙሌት ባለ 18 ኢንቹ 252 ማይል (405 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ ባለ 20 ኢንቹ ደግሞ 242 ማይል (389 ኪሎ ሜትር ገደማ) እንደሚሄዱ መዝግቧል። ባለ 20 ኢንቹ ተጨማሪ ዕቃዎችም ስላሉት ልዩነቱ በሙሉ የቸርኬው አይደለም።

ሁለተኛው ትርፍ ጎማ ነው። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ትርፍ ጎማ አይዙም፤ በምትኩ ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ የአየር መንፊያ ይሰጣቸዋል። ፈሳሹ መርገጫው ላይ የተወጋን ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናል፤ በድንጋይ የተቀደደ ጎንን ግን አይደፍንም። ከዳንግላ ወጣ ብሎ በገጠር መንገድ ላይ ጎኑ የተቀደደበት ሰው የሚጠብቀው ሌላ መኪና ነው።

ሦስተኛው የፊትና የኋላ ጎማ መለያየት ነው። በኋላ ጎማ የሚነዳው ፎልክስቫገን አይዲ.4 በብዙ ሞዴሎቹ የኋላ ጎማው ከፊቱ ይሰፋል። በዚህ ምክንያት የፊቱን ወደኋላ እያዘዋወሩ እኩል እንዲያልቁ ማድረግ አይቻልም፤ አንድ ትርፍ ጎማም ለሁለቱም በትክክል አይሆንም።

ምርጫ

ለገዢ የሚጠቅመው ዋና ጥያቄ መኪናው በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው የት ነው የሚለው ብቻ አይደለም፤ በጣም መጥፎው መንገዱ የትኛው ነው የሚለውም ነው። ከአዲስ አበባ ዋና ዋና ጎዳናዎች የማይወጣ ሰው ትልቁን ቸርኬ ቢመርጥ የሚከፍለው ዋጋ ጥቂት ነው። በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ለሚኖር፣ ወይም በየዓመቱ ቤተሰቡን ይዞ ወደዚያ ለሚወርድ ሰው ግን ከሞዴሉ ጋር ከሚቀርቡት ልኮች ትንሹ ቸርኬ የሚሻል ይሆናል።

መኪናው አስቀድሞ በትልቅ ቸርኬ ከተገዛ በኋላም ወደ ትንሽ መመለስ ይቻላል። ለዚህ የሚታዩት ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

• ትንሹ ቸርኬ የፍሬኑን ካሊፐር ሳይነካ መግባቱ። አምራቹ ለዚያው ሞዴል ከሚሸጠው ትንሹ ልክ በታች መውረድ አይመከርም።
• የጎማው ጠቅላላ ቁመት ከቀድሞው ጋር መቀራረቡ፤ በተለምዶ ከ3 በመቶ የበለጠ ልዩነት እንዳይኖር ይመከራል።
• የጎማው የመሸከም ቁጥር ከቀድሞው አለማነሱ። ይህ በተለይ ለኤሌክትሪክ መኪና ወሳኝ ነው።
• ጎማው የተመረተበት ጊዜ። በጎኑ ላይ ካለው የዶት ምልክት በኋላ የሚመጡት የመጨረሻ አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2423 ማለት በ2023 እ.ኤ.አ. በ24ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የቆየ ጎማ ሊሾ ባይሆንም ላስቲኩ ይደርቃል።

ቸርኬውን መቀየር የማይችል ሰው አየሩን በትክክል መጠበቅ፣ ዊል ባላንስና አላይመንት ማስደረግ፣ ኮረኮንች ላይ ፍጥነት መቀነስና ከረጅም ጉዞ በፊት የጎማዎቹን ውስጠኛ ጎን ጭምር ማየት ይኖርበታል። እብጠትና ቅዳጅ ከውጭ በማይታየው በኩልም ሊወጣ ይችላል።

የተለመዱ ግንዛቤዎች

«ትልቅ ጎማ ጉድጓድ ይሻገራል» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ለጎማው ጠቅላላ ቁመት ነው። ቁመቱ ሳይጨምር ቸርኬው ብቻ ሲተልቅ ግን መኪናው ጉድጓዱን የሚሻገርበት አቅም አይጨምርም፤ የሚጋጨው ብረት ብቻ ወደ ጉድጓዱ ይቀርባል።

«ትልቅ ቸርኬ መኪናውን ከመሬት ከፍ ያደርጋል» የሚለውም በዚሁ ምክንያት ስህተት ነው። የመኪናው ከመሬት መራቅ የሚወሰነው በጠቅላላ ቁመቱና በሞላው ነው።

«ውድ መኪና ምንም ጎማ ቢገጠምለት አይጎረብጥም» የሚለው ደግሞ በከፊል ብቻ ትክክል ነው። ውድ መኪና ድምፅን በደንብ ይከላከላል፤ ሞላውም የተሻለ ነው። ዳሩ ግን በአንድ ዓይነት መኪና ባለ 18 እና ባለ 20 ኢንቹ ጎን ለጎን በኮረኮንች ላይ ቢነዱ ልዩነቱን በአብዛኛው መጀመሪያ የሚያውቀው ከኋላ የተቀመጠው ሰው ነው።